ወደ ቀኝ የሚያሳጥፈው ሽቶ

መኪና መንዳት የሚያስተምረውን ሰውዬ ሰፈሩ ሁሉ የሚጠራው «ፍሬን» እያለ ነው። ስሙን ያወጡለት ተማሪዎቹ ናቸው። በማስተማሪያዋ መኪና ውስጥ በእሱ በኩል አንድ ተጨማሪ ፍሬን አለ፤ ተማሪው ሲደነባበር እሱ ወሬውን ሳያቋርጥ፣ ፊቱን እንኳ ሳያዞር፣ በቀኝ እግሩ ጫን ያደርገዋል። መኪናዋ ቀጥ ትላለች። «እና ምን እያልኩህ ነበር?» ብሎ ካቆመበት ይቀጥላል። ልማዱ ቤቱ ድረስ ተከትሎት ስለገባ፣ ሚስቱ ትኩስ ድስት ይዛ ስታልፍ እግሩ ወለሉን ጫን ሲያደርግ ይታያል።

ይህ ሰው ዘንድሮ ሌላ ሥራ ተደርቦበታል። ሽቶ ያዞራል።

ሚስቱ ሽቶ ቀማሚ ናት። አባቷ ትተውት ባለፉት ሱቅ ጀርባ፣ መስኮቷ መዳፍ በምታህል ክፍል ውስጥ፣ ጠርሙስና ብልቃጥ ከቧት ስትመዝንና ስታንጠባጥብ ትውላለች። ከፊት፣ ባንኮኒው ኋላ ቆመው የሚሸጡት ታላቅ እህቷ ናቸው። እሳቸውን ቤተሰቡም ደንበኛውም «እትዬ» ነው የሚላቸው። እሷን ግን፣ ጸጉሯን ጣል ጣል አድርጎ ሽበት ከጀመራት ወዲህ እንኳ፣ «ትንሿ» ማለታቸውን አልተዉም።

ሱቁ የሚታወቀው በአንድ ሽቶ ነው፤ በአባታቸው ሽቶ። ወፍራምና ሞቃት ነው። የተቀባው ሰው ገና ከመንገዱ ጥግ ሳይታጠፍ ሽቶው ቀድሞ ደርሶ ወንበር ይይዝለታል። ሙሽራም፣ ሹመት ያገኘም፣ የተጣላውን ሊታረቅ የሚሄድም እሱን ተቀብቶ ይወጣል። ትንሿ ዕድሜዋን ሁሉ ይህንኑ ስትቀምም ኖራለች፤ እጇ ከመልመዱ የተነሳ እያዛጋች ትሠራዋለች። የራሷ የሆነ አንድ ብልቃጥ ግን ሱቁ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ አያውቅም።

የራሷን የመሥራት ሐሳብ የመጣላት ጎማ ሲተነፍስ ነው። ዝናቡ ባባራ ሰሞን ፍሬን በማስተማሪያዋ መኪና ይዟት ወጣ። አስፋልቱ ከሚያልቅበት ከከተማው ጠርዝ አለፍ እንዳሉ የኋላው ጎማ ፉስ አለ። እሱ ክሪኩን አውጥቶ ከብሎን ጋር ሲታገል፣ እሷ ጫማዋን አውልቃ ሜዳው ላይ ተቀመጠች። ማንም ያልተከለው፣ ማንም ያላጠጣው ሜዳ ነው። የዱር ጽጌረዳ አጥሩ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ስሙን የማታውቀው ቢጫ አበባ ሣሩን ሞልቶታል፤ በረገጡት ቁጥር ከእግር ሥር ናና ይሸታል። ነፋሱ ከሁሉም ትንሽ ትንሽ እየቆነጠረ አፍንጫዋ ሥር ያልፋል፤ ያዝኩት ስትል የለም። ፍሬን ጎማውን ለውጦ፣ እጁን በሣር ጠርጎ ዞር ሲል፣ ሚስቱ ዓይኗን ጨፍና አየሩን ስታላምጥ አገኛት።

«ይኼንን ብልቃጥ ውስጥ አስገባዋለሁ» አለችው።

«መጀመሪያ አንቺ መኪናው ውስጥ ግቢ፤ ሊመሽ ነው» አላት።

አስገባችው። ወራት ፈጀባት። ጽጌረዳው ሲበዛባት ስትቀንስ፣ ናናው ሲደፍር የድርቆሽ ሽታ ስትጨምርበት፣ ጨለማ ቁም ሳጥን ውስጥ አሳርፋ ደግሞ እያወጣች ስታሸት ከርማ፣ አንድ ቀን «ይኸው» ብላ ባሏ አፍንጫ ሥር አደረገችለት። ፍሬን ስለ ሽቶ የሚያውቀው ነገር ቢኖር ሰው እንደሚቀባው ነው። ያን ጊዜ ግን ሳያስበው እጁ የክሪኩን እጀታ ፈለገ። ሜዳው ላይ ያለ መስሎት ነበር።

እትዬ ዘንድ ሲቀርብ ነገሩ ሌላ ሆነ። ወረቀቱን ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው፣ አራግበው፣ እንደገና አስጠግተው፣ ውሃ ነው አሉ። ይሄ ሽቶ ከሆነ የእሳቸው ነጠላ ጫማም ሽቶ ነው አሉ። ትንሿ ግን የዚያን ቀን እንደ ሌላው ጊዜ ወረቀቷን ሰብስባ ወደ ጓዳ አልተመለሰችም። እንዲዞርልኝ እፈልጋለሁ አለች።

ማዞር የቤቱ ሕግ ነው። አባታቸው ያወጡት። አዲስ ሽቶ የሚያልቀው ቀማሚው ሠርቶ ሲጨርስ ሳይሆን፣ ከውጭ አንድ ሰው፣ ማንም ሳያነሳሳው፣ በራሱ አፍ «ይህ ሽታ ምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ነው ይሉ ነበር። የራሳቸውን ሽቶ ባርኔጣቸው ውስጥ ቀብተው ሰፈር ለሰፈር ሲዞሩ ገና ሁለተኛው መንገድ ላይ ተጠየቁ ይባላል። እትዬ ይህን ሕግ አባታቸው ትተውላቸው ካለፉት የእጅ ሰዓት እኩል ነው የሚጠብቁት። ስለዚህ እምቢ ማለት አልቻሉም። ሱቁ በዚያ ሰሞን ቀለም እየተቀባ ስለነበር፣ ከበሩ ትይዩ ያለው፣ የገባ ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው መደርደሪያ ባዶውን ተቀምጧል። ቀለም ቀቢው መሰላሉን ይዞ ከመውጣቱ በፊት ከዞረ፣ ያ መደርደሪያ የትንሿ እንዲሆን ተስማሙ። ካልዞረ የአባታቸው ሽቶ በትልልቁ ጠርሙስ ይደረደርበታል፤ እሷም ይሄን የሣር ነገር ትታ አርፋ ሥራዋን ትሠራለች።

እንዲህ ሆኖ ነው ጭነቱ ፍሬን ኮሌታ ላይ ያረፈው። ቀኑን ሙሉ በጠባብ መኪና ውስጥ ከሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ ተቀምጦ የሚውል ከእሱ ሌላ ቤተሰቡ ውስጥ የለም። ትንሿ ጠዋት ጠዋት የኮቱን ኮሌታ ገልበጥ አድርጋ ትነካካለታለች፣ መልሳ ታስተካክለዋለች፣ ደረቱን መታ መታ ታደርገዋለች። ማታ ሲገባ በሩ ላይ ትጠብቀዋለች።

«ማን ጠየቀ?»

«ማንም።»

ከተማሪዎቹ ጡረታ የወጣው ፖስተኛ አልጠየቀም። ነርሷ አልጠየቀችም። ዳቦ ጋጋሪዋ፣ ከመኪናው ሞተር በላይ የምታወራው ሴት፣ ስለ ዱቄት፣ ስለ አከራይዋና ስለ ጉልበቷ ጠየቀችው እንጂ ስለ ሽታው ትንፍሽ አላለችም። ፍሬን ይሰማቸው ብሎ አንገቱን ወደ ተማሪዎቹ ማስገግ ጀመረ። አንድ ማታ ታዲያ ፊቱ በርቶ ገባ።

«ዛሬ ፖስተኛው ጠየቀኝ።»

ትንሿ የያዘችውን ማንኪያ አስቀመጠች። «ምን አለህ?»

«አንገትህን ምን ሆነህ ነው አለኝ።»

ሳቀች፤ ግን እስከ መጨረሻው አልሳቀችም። እሱም አየው። ቢዋሽላት ደስ ባለው ነበር። አንዴ ሞክሮትም ነበር፤ እትዬ ፊት ቆሞ «አንድ ሰው እኮ...» ብሎ ሲጀምር ጆሮው ከጫፍ እስከ ሥሩ ቀላና ወሬውን ስለ ነዳጅ አደረገው። ጆሮው ከድሮም ከዳተኛ ነው።

ቀለም ቀቢው ጣሪያውን ጨርሶ ወደ ግድግዳው ወረደ። በዚህ ጊዜ ነው ትንሿ ትዕግሥቷ ያለቀው። ሁሉን ነገር እጥፍ፣ ከዚያም የእጥፍ እጥፍ አድርጋ ቀመመች። የዚያን ቀን ጠዋት ፍሬን ኮቱን ለብሶ ሲወጣ ንቦች ይከተሉኝ ይሆን ብሎ ዘወር ዘወር አለ።

ተማሪዋ ነርሷ ነበረች፤ ሳቅ የማታውቅ፣ መሪውን እንደ ቴርሞሜትር ቀስ ብላ የምትይዝ ሴት። ገና መንገድ እንደጀመሩ አፍንጫዋ ተነፋ። አነጠሰች። ሁለተኛ ስታነጥስ ዓይኗ ተከደነ፣ እግሯ ነዳጅ መስጫው ላይ ቀረ፣ መኪናዋ የእግረኛውን መንገድ ወጥታ ከአንድ ዘበኛ ወንበር ፊት ቆመች። ዘበኛው ከወንበሩ አልተነሳም። የፍሬን ቀኝ እግር እንደ ልማዱ ሥራውን ሠርቷል። ሰው ግን ተሰበሰበ፣ የመኪናው በር ተከፈተ፣ ከዚያም ሁሉም በአንድ አፍ «ይህ ሽታ ምንድን ነው?» አሉ።

ማታ ይህን ሲናገር እትዬ በሳቅ ባንኮኒውን ተደገፉ። «አፍንጫን ይዞ መጠየቅ አይቆጠርም» አሉ። ከዚያ ግን ኮቱን ሳብ አድርገው አሸተቱና ፊታቸው ተለወጠ። ይሄስ ሽቶ ነው አሉ። ይሄ ሰው የሚሰማው ነገር አለው፤ ይሄን ከሆነ ሳይዞርም ቢሆን መደርደሪያው ላይ አስቀምጥልሻለሁ አሉ።

ፍሬን ሚስቱን አየ። መደርደሪያው ይኸው፣ እጇ ላይ መጥቶላታል። እሷ ወደ ጓዳ ገባች። የተከፈተ ቧንቧ ድምፅ ተሰማ። ባዶውን ጠርሙስ ይዛ ወጣችና ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው።

«እሱ ሜዳው አይደለም፣ እትዬ። ሜዳው አይጮህም።»

እትዬ ጠርሙሱን በጨርቅ መወልወል ጀመሩ። ፍሬን ከሚስቱ ጋር ወደ ቤት ሲሄድ፣ ይህቺን ሴት ያገባሁ ቀን ምን በልቼ ነበር እንዲህ የቀናኝ እያለ ያስብ ነበር። ከአፉ ግን አላወጣውም።

ወደ ለስላሳው ሽቶ ተመለሱ። ማንም አልጠየቀም። ቀለም ቀቢው ግድግዳውን ጨርሶ በሩን ጀመረ።

አንድ ማታ ትንሿ በሩ ላይ ቆማ ስትጠብቅ ዓይኗ መኪናዋ ላይ አረፈ። ጎማው መሃል የሣር ዘለላ ተሰክቷል። ጎንበስ ብላ መዘዘችው።

«ከየት ነው ይሄ?»

«ከሜዳው። ያን ቀን ጎማ ከተነፈሰብን ቦታ።»

«ምን ልታደርግ ሄድክ?»

«እኔ መች ሄድኩ፤ ተማሪዎቹ ናቸው የሚወስዱኝ» አላት። ፍሬን የራሱ የማስተማሪያ ዘዴ አለው። የትምህርቱ ሰዓት ሊያልቅ ሲል ትልቁ አደባባይ ላይ ይደርሱና «ከዚህ በኋላ መንገዱ ያንተ ነው» ብሎ ዝም ይላል። ተማሪው ወደ ፈለገበት ይነዳል። በስተግራ ገበያው ነው። በስተቀኝ ከከተማ መውጫው ነው። ቀጥታው መሪ መጠምዘዝ ስለማይጠይቅ ከጥንት ጀምሮ ሁሉም ቀጥታውን ነው የሚመርጡት፤ ሰነፍም ጎበዝም። አሁን ግን ፖስተኛውም፣ ነርሷም፣ ያቺ ወሬኛ ዳቦ ጋጋሪም አደባባዩን ዞር ይሉና ቀኝ ፍሬቻ ያሳያሉ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከ...» አለና ቆመ። እጁ በራሱ ጊዜ ወደ ኮሌታው ሄደ።

ባልና ሚስት ሣሩን መሃላቸው ይዘው ተያዩ።

በማግስቱ ሁለቱም እትዬ ፊት ቆሙ። እትዬ እስከ መጨረሻው ሰሟቸውና የማይሆን ነገር ነው አሉ። አባታችን ይጠይቅ አሉ እንጂ ይታጠፍ አላሉም። ደግሞስ አስተማሪው አንተ፣ ባሏ አንተ፣ ቀኝ አሳጣፊውም አንተ አለመሆንህን ማን ያውቃል? ፍሬን ጆሮዬን እዩት አለ። አዩት፤ አልቀላም። ይህ ትንሽ አሳሰባቸው። ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ በዓይኔ አያለሁ፣ ከዚያ ይህ ወሬ ያብቃ አሉ።

እትዬ መኪናዋ ውስጥ እገባለሁ ማለታቸው በራሱ ጉድ ነው። ከዓመታት በፊት መንዳት ልማር ብለው መሪ ጨብጠው ነበር። ገና ከቆሙበት ሳይነቃነቁ ከኋላ አንድ የጭነት መኪና ጥሩምባ ነፋባቸው። ወርደው፣ በሩን ክፍት ትተው፣ በእግራቸው ቤታቸው ገቡ። ከዚያ ወዲህ ፍሬን ባገኛቸው ቁጥር «እትዬ፣ በሩ እስካሁን ክፍት ነው» ይላቸዋል። እሳቸውም «ብርድ እንዳይመታህ» ይሉታል።

ትንሿ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች። ታላቅ እህቷ የአባታቸውን ሽቶ ሳይቀቡ እንዲሄዱ። ይህን ስትል ፍሬን ወለሉን ጫን አደረገ። እትዬ አባታቸው ካለፉ ወዲህ ያለዚያ ሽቶ ደጅ ወጥተው አያውቁም፤ አንገታቸውንም፣ የእጃቸውንም አንጓ፣ መሐረባቸውንም ነው የሚቀቡት። ፍሬን ያን ጊዜ ነው አንድ ነገር የገባው። ሚስቱ ያቀረበችላቸውን ወረቀት ሁሉ ያሸተቱት በዚያ እጅ ይዘው ነው። ጥሩምባ እየተነፋ ሹክሹክታ ለመስማት እንደመሞከር ነው። ሁሉም ሲያውቁት የኖሩት፣ ማንም ያላሰበው ነገር።

እትዬ መሐረባቸውን አውጥተው ባንኮኒው ላይ አኖሩ። ከዚያ «ታጥቤ እመጣለሁ» አሉ።

ሲመጡ እጃቸውን ሻርፕ ውስጥ ደብቀው ነበር፤ ራቁታቸውን የወጡ ይመስል። ኋላ ገብተው ማንንም ሳያዩ ተቀመጡ። መሪው ላይ ዳቦ ጋጋሪዋ ነበረች። ቀኑን ሙሉ ምድጃ ፊት የምትውል ሴት ስለሆነች ነፋስ ጠላቷ ነው፤ መስኮቱን ሁሉ ዘግታዋለች። ማርሽ አስገባች፣ ፍሪሲዮኑን ለቀቀች፣ ወሬዋንም ለቀቀች። አከራይዋ ዛሬም መጥቶ እንደነበር፣ ጉልበቷ ደረጃ ሲያይ እንደሚንቀጠቀጥ ተናገረች። አደባባዩ ላይ ደረሱ።

«ከዚህ በኋላ መንገዱ ያንቺ ነው» አለ ፍሬን። ከዚያም እትዬ እንዲያዩለት ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ አንገቱን ቀጥ አድርጎ፣ እንደ ፎቶ ሆኖ ተቀመጠ። ሴትዮዋ ዛሬ ቀጥታ ከሄደች አለቀ።

ዳቦ ጋጋሪዋ ስፖኪዮ አየች። ቀኝ ፍሬቻ አሳየች። ታጠፈች።

ቤቶቹ እየተራራቁ፣ አጥሩ እያጠረ፣ አስፋልቱ እየተበላ ሄደ። ዳቦ ጋጋሪዋም ወሬዋ እየሳሳ ሄዶ ጭራሹን ቆመ፤ ፍሬን እሷን ዝም ብላ ሲያያት የመጀመሪያው ነው። እትዬ ከኋላ ሆነው ሻርፓቸውን ፈታ አደረጉ። ትንሽ ቆይተው በረጅሙ ተነፈሱ። እንደገና ተነፈሱ።

«ይሄ የምን አበባ ነው?» አሉ። «ይሄ... ጽጌረዳ ሊመስል ይልና የሚተወው?»

ዳቦ ጋጋሪዋ መኪናዋን ዳር አስይዛ አቆመችና በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች።

«የምን አበባ፣ እትዬ? አጭደው ወስደውታል እኮ።»

እትዬም አዩ። ሜዳው እንደ ተላጨ ራስ ሆኗል። ሣሩ የለም፣ ቢጫው አበባ የለም፣ የአጥሩ ጽጌረዳ ተመልምሎ እሾሁ ብቻ ቀርቷል። መስኮቶቹ እንደተዘጉ ናቸው። ዓይናቸው ቀስ ብሎ ከሜዳው ተነሳና ፊታቸው ያለው ወንበር ላይ፣ የፍሬን ኮሌታ ላይ አረፈ።

ሻርፓቸውን መልሰው አጠበቁ።

«እኔ አልቆጠርም» አሉ በመጨረሻ። «እኔ ቤተሰብ ነኝ።»

ዳቦ ጋጋሪዋ የምን መቁጠር እንደሆነ ጠየቀች። ፍሬን ከአባታቸው ባርኔጣ ጀምሮ ነገሩን ሁሉ ነገራት። ሴትዮዋ እንደ ዳኛ ወደ ኋላ ዞራ ተቀመጠች። አንድ ሰው እንዲጠይቁ ነግሮዎት ነበር ወይ አለቻቸው። የለም። እንዲያውም ላለመጠየቅ አይደል የመጡት? ነው። ታዲያ ላይጠይቁ መጥተው ከጠየቁ፣ ሊጠይቅ ከመጣ ሰው ይበልጣሉ እንጂ በምን ያንሳሉ? ከዚያ ወደ ፍሬን ዞራ፣ እኔ በበኩሌ ሽታውን መች አጣሁት፤ ሰዓቱ ሲደርስ ብቻ እዚህ መምጣት ያሰኘኝ ነበር፣ የእኔው ድካም መስሎኝ አለችው።

እትዬ ባዶ የእጃቸውን አንጓ አፍንጫቸው ላይ አደረጉ፤ ምንም የለበትም። ፈገግ አሉ።

«አባዬ ቢሆን እስካሁን ሁለት ጊዜ ጠይቆ ነበር» አሉ። «ዞሯል።»

ፍሬን በሩን ከፍቶ ወርዶ መኪናዋን አንድ ጊዜ ዞራት፤ ለምን እንደሆነ እሱም አያውቅ። ሲመለስ እትዬም ወርደው፣ ተላጭቶ የቀረውን ሜዳ እያዩ ቆመዋል። ከዚያ የሾፌሩን በር ከፈቱ። ዳቦ ጋጋሪዋን ውረጂልኝ እስቲ አሉ። «ትንሿን እኔው ራሴ ነድቼ ሄጄ ልንገራት። መንገዱ ባዶ ነው፤ ማንም ጥሩምባ አይነፋብኝም።»

ባዶው መንገድ ላይ በእርግጥ ማንም አልነፋባቸውም። አንዲት ዶሮ ብቻ ቀደመቻቸው። አደባባዩን ሲያልፉ ግን ከኋላቸው ሰልፍ ተፈጥሮ ነበር፤ ታክሲው፣ የጭነት መኪናው፣ ሞተር ብስክሌቱ ሁሉ በአንድነት ይነፋል። ፍሬን አሁን ወርደው ይሄዳሉ ብሎ በጎን አያቸው። እትዬ መሪውን በሁለት እጃቸው እንደ ትሪ ይዘው፣ «ሠርግ ያለባቸው መሰለኝ» አሉና ነዱ። ዳቦ ጋጋሪዋ ኋላ ተንሰራፍታ ለሰልፈኛው በመስኮት እጇን ታወዛውዝ ነበር።

ትንሿ ጥሩምባውን ሰምታ ሱቁ በር ላይ ወጥታለች። ቀለም ቀቢው ከመሰላሉ ጫፍ ሆኖ ያያል። መኪናዋ ከሱቁ ፊት ሁለት ጊዜ ተንገጫግጫ ቆመች። ትንሿ መሪው ላይ ማን እንዳለ ስታይ እጇ አፏ ላይ ሄደ። ማን ጠየቀ ብላ አልጠየቀችም፤ ባሏን አየችው፣ ባሏ በአገጩ ወደ እህቷ አመለከታት። ጆሮው አልቀላም።

እትዬ ወርደው ወደ ታናሻቸው እየሄዱ ለቀለም ቀቢው ከመሰላሉ እንዳይወርድ ነገሩት፤ መደርደሪያው ላይ የሚጻፍ አለ። ምን ብዬ ልጻፍ አላቸው። ትንሿ እስኪዞር ድረስ ስም አላወጣሁለትም አለች። ዳቦ ጋጋሪዋ ከመኪናው መስኮት አንገቷን አውጥታ «ወደ ቀኝ በሉታ» አለች።

ቀለም ቀቢው ሳቀ፤ ማንም ሳቁን ሳይከተል ሲቀር ብሩሹን ነክሮ መጻፍ ጀመረ።

ፍሬን አሁንም መኪናው ውስጥ ነው። ከሜዳው እስከዚህ ቀኝ እግሩ አንዴም ፍሬኑን እንዳልነካ ገና አሁን ነው ልብ ያለው። የሾፌሩ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ እትዬ እንደ ልማዳቸው ትተውት ሄደዋል። ከኋላ ሰልፈኛው ይነፋል። እጁን ዘርግቶ ሊዘጋው ነበረና ተወው፤ ሚስቱ በዚያው በር በኩል እየመጣችለት ነበር።